ደኅናውን ዓይን ሸፍኑ

ይህን የምጽፈው ልጅ ያላችሁ ሰዎች እንድታነቡት ነው። ልጅ የሌላችሁም አንብቡት፤ የእኅት ልጅ ወይ የጎረቤት ልጅ አይጠፋችሁም። እኔ አስተማሪ ነኝ። ላንቴ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ቤቴ ግን አርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ስለሆነ ጠዋት ማታ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ነገር አለስልሼ መናገር አልችልበትም፤ ባለቤቴ ታምራት "አንቺ እኮ ሰላምታሽም ተግሣጽ ነው" ይለኛል። እዚህ ላይ የጮኽኩ ከመሰላችሁ ቻሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ ዓይን ብቻ እያየሁ ኖሬ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ እኔም ሳላውቀው ነው ልጅ የወለድኩት።

የተወለድኩት ጨንቻ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እናቴ ትፈትላለች። እኛ ሰፈር ሴት ልጅ እንዝርት ሳታሾር አታድግም። እናቴ የፈተለችውን ልቃቂት "ያዢ!" ብላ ስትወረውርልኝ፣ እኔ እጄን የምጨብጠው ልቃቂቱ ደረቴን መትቶ ከወደቀ በኋላ ነው። ነጭ ክር ጭቃ ላይ ይንከባለላል፤ እኔ እቆነጠጣለሁ። ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሳለሁ። ከቤታችን በታች ያለውን ቁልቁለት እኩዮቼ እየዘለሉ ሲወርዱት እኔ በቂጤ ነበር የምወርደው፤ እግሬን ስዘረጋ መሬቱ ቅርብ ይሁን ሩቅ አይገባኝም ነበር። "ቀልበ ቢስ" ተባልኩ። ከዚያ "ደንባራ" የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙ ኮሌጅ ድረስ ተከትሎኝ መጣ፤ እኔም አመንኩበት። ምን ላድርግ? አገር ምድሩ ቀልብ የለሽም ካለሽ የለሽም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዓይኔ አያመኝም ነበር። አይቀላም፣ እንባ አያወጣም፣ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው መንሸዋረርም የለበትም። ጥቁር ሰሌዳ አነባለሁ፣ ፈተና አልፋለሁ። ታዲያ ማን ዓይን ነው ብሎ ይጠርጥር?

ሕመም ነው ተብሎ የሚጠራ ነገር የመጣብኝ ልጄን ኤፍራታን ከወለድኩ በኋላ ነው። የተማሪዎቼን ደብተር ላርም ስቀመጥ ግንባሬ ይወጠራል፤ ወዲያው ከቅንድቤ በላይ በመዶሻ እንደሚመቱኝ ያደርገኛል። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መቼም እዚህ አገር ራስሽን ካመመሽ ታይፎይድ አለብሽ፤ ወገብሽን ካመመሽም ታይፎይድ አለብሽ። መድኃኒቱን ጨርሼ ሕመሙ አለ። ሌላ ክሊኒክ ሳይነስ ነው አለኝ። ለእንፋሎት ፎጣ ተከናንቤ ፊቴን ቀቀልኩት። ጎረቤታችን የሽፈራው ቅጠል እየቀቀልሽ ጠጪ አለችኝ፤ ጠጣሁ። ጨንቻ ያሉት አክስቴ ደግሞ በስልክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ጎሜ እንዳይሆን፤ ያጠፋሽው ነገር ካለ ለታላላቆችሽ ተናገሪ" አሉኝ። ጎሜ ማለት በጋሞ ወግ ያልተናዘዙት ጥፋት የሚያመጣው ሕመም ነው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በዚህ አናምንም እንላለን። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ማንን እንዳስቀየምኩ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በመጨረሻ ከአንድ ሱቅ የማንበቢያ መነጽር ገዛሁ። ሻጩ ሁለት ሦስቱን አፍንጫዬ ላይ እያስቀመጠ "ይሄስ? ይሄስ?" ሲለኝ ቆየና የሚያምረውን መርጬ ወጣሁ። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ እንዲሉ ሆነ። በማግስቱ ላንቴ ከሚኒባስ ስወርድ መሬቱ ላይ የደረስኩ መስሎኝ ተራመድኩ፤ መሬቱ ግን ገና ታች ነበር። በጉልበቴና በመዳፌ አረፍኩ። መንገድ ዳር ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች ሮጠው አነሱኝ፤ ከመካከላቸው አንዷ አቧራዬን እያራገፈች "መምህርት፣ ምነው በጠዋቱ!" አለችኝ። ሳቁ። ጠላ እንኳ ቀምሼ የማላውቀውን ሴት! እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ክፍል ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ሆስፒታል፣ ወደ ዓይን ክፍል የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ ከአጠገቤ ከምዕራብ ዓባያ የመጡ አንድ አባት ተቀምጠዋል፤ የዓይናቸው ብሌን ወተት ለብሷል። በዱላቸው ጫፍ እግሬን ነካ አድርገው "የኔ ልጅ፣ አንቺ ምንሽን አሞሽ ነው?" አሉኝ። ራሴን ነው አልኳቸው። "ታዲያ ራስ የሚያክመው ሌላ ነው" ብለው ሳቁብኝ፤ ከፌስታላቸው ማንጎ አውጥተው ሰጡኝ። ተራቸው ሲደርስ ደግሞ "መምህር ናት፤ ልጆች ይጠብቋታል" ብለው አስቀደሙኝ። የማንጎውን ጣዕም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የመረመረኝ ወጣት ባለሙያ ነው፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ስለሚለው እኔም ዶክተር እለዋለሁ። ግራ ዓይኔን አስሸፈነኝና አነበብኩለት። "ጎበዝ። አሁን ቀኙን ይሸፍኑና ሰሌዳውን ያንብቡልኝ" አለኝ።

ሸፈንኩ። "የቱን ሰሌዳ?" አልኩት።

የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። "ከፊትዎ ያለውን።"

"ዶክተር፣ ከፊቴ ያለው ጭጋግ ነው።"

ፈገግታው ጠፋ። ወንበሩን ስቦ ቀረበኝ። "ይህ ዓይን መቼ ነው የተጎዳው? ምን መታዎት?" ምንም አልመታኝም። ግራ ዓይኔን ለብቻው ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ማን ቀኙን ሸፍኖ ይሄዳል? ቀጥሎ ጥቁር መነጽር አስደርጎኝ የአንድ ትልቅ ዝንብ ሥዕል ፊቴ አስቀመጠ። "የዝንቡን ክንፍ በሁለት ጣትዎ ይያዙልኝ" አለኝ። ሥዕል እንዴት ይያዛል? ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። "ሁለቱ ዓይኖቹ አብረው የሚሠሩለት ሰው ሲያየው ክንፉ ከወረቀቱ ወደ ላይ ይነሳል" አለኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። ሁለት ዓይኖች የሚያዩት ትንሽ ይለያያል፤ አንጎል ሁለቱን ሲያገጣጥም ነው ቅርብና ሩቅ፣ ሜዳና ገደል የሚለየው። የእኔ ግራ ዓይን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚልከው ሥዕል ብዥ ያለ ስለነበረ አንጎሌ ሰልችቶት ተወው። ዓይኑ አለ፣ የሚያዳምጠው ግን የለም። "ሰነፍ ዓይን እንለዋለን" አለኝ።

"ሰነፍ ብሎ ስም! ማን አስተማረውና ነው ሰነፍ የሚባለው?" አልኩት፤ ድምፄ ወጣ። ደግሞ አፈርኩ። ራስ ምታቱ፣ አለ፣ ቀኙ ዓይን ብቻውን ሲለፋ የሚመጣ ነው፤ በትክክል የተለካ መነጽር ያቀልልዎታል። (እውነቱን ነው፤ አቅልሎልኛል።) ግራውን ግን ሕፃን ሆነው ቢመጡ ኖሮ ነበር የምናድነው፤ አሁን አልፏል፤ ደኅናውን ይጠብቁ። ወረቀቱን ሊጽፍ ጎንበስ እንዳለ ቀና ብሎ "ልጅ አለዎት?" አለኝ።

"አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።"

"ነገ ያምጧት።"

ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የተሰማኝን እንዴት ልበላችሁ? አዘንኩ፤ ደግሞ ደስ አለኝ። ቀልበ ቢስ አልነበርኩም! ያ ሁሉ ቁንጥጫ፣ ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ የፈሰሰ ሻይ የኔ ጥፋት አልነበረም። እናቴ በሕይወት የለችም እንጂ ጨንቻ ወጥቼ "እማዬ፣ ልቃቂቱ እኮ አይታየኝም ነበር" ብላት ደስ ባለኝ። ወዲያው ግን "ነገ ያምጧት" ያለው ትዝ ሲለኝ ደስታው ከውስጤ ወጣ።

ኤፍራታ ያኔ መዋዕለ ሕፃናት ነበረች። እንቅልፍ ሲመጣባት ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ይሰበሰባል። እኛ ቤት ይህ እንደ ቁንጅና ነበር የሚታየው፤ አያቷ "ዓይኗን ስታሽኮረምም እዩልኝ" እያሉ ይስሟታል። ዶክተሩ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምሮ ረጅም ጊዜ መረመራት። የሷም ግራ ዓይን ሰንፏል። ልዩነቱ እሷ ገና ልጅ መሆኗ ነው። መነጽር ታደርጋለች፤ ከዚያ ደኅናው ቀኝ ዓይኗ ቀን ቀን ለተወሰነ ሰዓት በቁስል መሸፈኛ ጨርቅና በፕላስተር ይሸፈናል፤ የሰነፈው ወዶ ሳይሆን በግዱ እንዲሠራ። "ጊዜ ግን የለንም፤ አንጎሏ ለጋ ሳለ ነው። ትምህርት ጀምራ ጥቂት ዓመት ከሄደ እንደ እርስዎ ይሆናል" አለኝ። እንደ እርስዎ ያለው ቃል ልቤ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ልጄ ቁልቁለት በቂጧ እንድትወርድ አልፈልግም።

አሁን ስለ እማማ ዘነበች ልንገራችሁ። የታምራት እናት ናቸው፤ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እኔ ላንቴ ስውል ኤፍራታን ከመዋዕለ ሕፃናት አምጥተው የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። አራስ ሳለሁ ገላዬን ያጠቡኝ፣ ጡቴ ሲያብጥ ጎመን አሙቀው የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። የጸሎት ሰው ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ውስጥ እሳቸው ሳይጸልዩ ፕሮግራም አይከፈትም። የሐኪሙን ትእዛዝ ስነግራቸው አገጫቸውን ይዘው አሰቡና "ደኅናውን ሸፍኖ በታመመው እዪ ማለት ምን ዓይነት ሕክምና ነው? እግሩ የተሰበረን ሰው ደኅናውን እግሩን አስረው ሂድ ይሉታል እንዴ?" አሉኝ። ንግግራቸው ስሜት ይሰጣል፤ ክፋቱ እሱ ነው። እኔ እንኳ ለማስረዳት ተቸግሬ "እማማ፣ እንዲያ ነው የታዘዘው" ብዬ አለፍኩት።

መነጽሩን ባደረገች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የኤፍራታ ዓይን ቀጥ አለ። ወደ አፍንጫዋ መሰብሰቡ ቀረ። ዶክተሩ ይህ መነጽሩ የሚያደርገው ነው፤ ዓይኑ ቀና አለ እንጂ ማየት አልጀመረም ብሎ ነግሮኝ ነበር። ለእማማ ግን ዓይኑ ቀና ማለት ዳነ ማለት ነው። በሴቶች ኅብረት ቆመው መሰከሩ። እንባቸው እየወረደ፣ ጌታ የልጅ ልጄን ዓይን አቅንቷል አሉ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። እኔ አልነበርኩም፤ ገበያ ላይ አንዷ እኅት እጄን ይዛ "እንኳን ጌታ ጎበኛችሁ!" ስትለኝ ነው የሰማሁት። አሜን ብዬ ሽንኩርቴን ገዝቼ ገባሁ። ምን ቸገረኝ? ጸሎት ነው፣ ምስጋና ነው። ምስክርነት የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላሰብኩም።

በቀጠሯችን ስንሄድ የኤፍራታ ግራ ዓይን አንድ ፊደል እንኳ አልጨመረም። ዶክተሩ ደጋግሞ ካየ በኋላ "ይሸፈናል?" አለኝ።

"በየቀኑ! ጠዋት እኔ ራሴ ለጥፌላት ነው የምወጣው፤ ስመለስም እንደተለጠፈ ነው የማገኘው።"

"ዓይኗ እንደዚያ አይልም፣ መምህርት።"

"ውሸታም ነሽ እያሉኝ ነው?" አልኩት። በንዴት ነበር የወጣሁት። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ወደ ሲቀላ ስንወርድ ግን ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠየቅኋት። "ኤፊዬ፣ እኔ ሥራ ስሄድ ፕላስተሩን ትነኪዋለሽ?"

"እኔ አልነካውም።"

"ማን ነው የሚነካው?"

"አያቴ። ስንጸልይ ታነሳዋለች። 'ኢየሱስ ፈውሶሻል፣ በሁለቱም እዪ' ትለኛለች። አንቺ ልትመጪ ስትይ ደግሞ ትለጥፈዋለች።" ትንሽ አሰበችና "ሲላጥ ያማል እኮ፤ አያቴ ግን ቀስ አድርጋ ነው" አለች።

ባጃጁ ውስጥ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሹፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ምራት አማቷን ፊት ለፊት አትናገርም። ለባሏ ትነግራለች፤ ባሏ ለእናቱ ይነግራል። ለታምራት ነገርኩት። እሱ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የፈነዳ መስመር ሲጠግን ያድራል እንጂ ከእናቱ ጋር አንድ ቃል አይጋጭም። ጭንቅላቱን ይዞ "ምሕረት፣ እናቴ መስክራለች እኮ። አሁን መልሳ ብትሸፍናት ሰው ፊት ምን ትላለች? ጌታ ሥራውን በግማሽ ተወው ትበል?" አለኝ።

"የእናትህ ስም ነው የልጅህ ዓይን የሚበልጥብህ?"

በማግስቱ የማይደረገውን አደረግኩ፤ እማማን ራሴ ተናገርኳቸው። ድምፄን ዝቅ ላደርግ ሞክሬ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። እማማ እስክጨርስ ሰሙኝና "ልጅቷ ሸፍነሽባት ስትሄጂ በር ትገጫለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ ብላ መሬት ትወድቃለች። አንቺ አታዪም፤ የማየው እኔ ነኝ" አሉ። ቀጠሉና "ክፉ አስቤባት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አሉ። እማማ ሲምሉ ሰምቼ አላውቅም፤ መሐላ ኃጢአት ነው ይላሉ። ያሉትን ሲሰሙ እሳቸውም ደነገጡ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ሊያስታርቀን መጣ። ደግ ሰው ነው። "እኅት ምሕረት፣ የእናታችንን እምነት እንዳናቆስል" አለኝ።

"እምነታቸውን አልነካሁም፤ ያልኩት ፕላስተሩ አይነካ ነው። እርስዎስ እስቲ መነጽርዎን በእምነት አውልቀው እሑድ ይስበኩልን።"

ወንጌላዊው ሳቀ፤ መነጽሩን አውልቆ አየውና መልሶ አደረገው። እማማ አልሳቁም። በዚያው ሳምንት ልብሳቸውን ቋጥረው ምዕራብ ዓባያ ትልቁ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሲወጡ ኤፍራታን ሳሟት፤ እኔን "ደኅና ሁኚ" ብቻ አሉኝ። ታምራትም ከእኔ ጋር የሚያወራው ጨው አለ ወይ፣ ቁልፉ የት ነው የሚለውን ብቻ ሆነ።

የሚያመላልስልኝና የሚይዝልኝ ሰው ስለሌለ፣ ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ኤፍራታን ላንቴ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቼ "አንድ ዓይና! አንድ ዓይና!" ብለው ተንጫጩ። ተቆጥቼ ዝም ማሰኘት እችል ነበር፤ ለዚህ ማንም አያማኝም። ግን ሁሉንም አስነስቼ "ቀኝ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍኑና ወደ በሩ ሂዱ" አልኳቸው። እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ ሄዱ። ከዚያ ግራውን አስሸፍኜ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አስነበብኳቸው። አንድ ልጅ ቀና ብሎ "ቲቸር፣ ምን ተጽፏል?" አለኝ። አባቱን አስጠርቼ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ከዚያ ወዲህ ኤፍራታን ማንም አልሰደባትም፤ እኔም ቤት ስገባ የማወራለት ሰው ስለሌለ ይህን መልሼ ያወራሁት እዚያው ለነበረችው ለኤፍራታ ነው።

እውነቱን ለመናገር እነዚያ ወራት ከበዱኝ። ልጄ ፊደል ስትጽፍ ከመስመሩ ውጭ እየወጣባት "እማ፣ አንሺልኝ" ብላ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ቀኝ ዓይኔን አንድ ነገር ቢነካው እያልኩ እፈራ ጀመር። የሙዝ ቅጠል ሲወዛወዝ ፊቴን አሸሻለሁ። ያለችኝ አንዲት ዓይን ናት፤ ልጄም ገና ሁለተኛውን አላገኘችም። አንዳንድ ማታ እማማ ትክክል ቢሆኑስ፣ በከንቱ እያሠቃየኋት ቢሆንስ ብዬ አስባለሁ። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ሆስፒታል ስንደርስ እማማ ዘነበች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ታምራት ሳይነግረኝ ሄዶ ነው ያመጣቸው። ተነስተው ኤፍራታን አቀፉ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኩ። አብረን ገባን።

ኤፍራታ በግራ ዓይኗ ብቻ አነበበች። አንድ መስመር ወረደች፤ ሌላም ወረደች። ዶክተሩ ወደኔ ዞሮ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀልኝ። ከዚያ ያን ዝንብ አወጣው። እማማ አንገታቸውን አስግገው "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲሉት፣ ጥቁሩን መነጽር መጀመሪያ ለእሳቸው አደረገላቸው። "በኢየሱስ ስም!" ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ተነሳ እኮ! ክንፉ ተነሳ!" ሁላችንም ሳቅን። በሁለት ጣታቸው አየር ላይ ሊይዙት ሞከሩ። መነጽሩ ወደ ኤፍራታ ዞረ። "ክንፉን ያዢልኝ" አላት ዶክተሩ።

ልጄ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋ አሳረፈች። ልክ እኔ እንዳሳረፍኩት።

እማማ ጣቷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ማንም አልሳቀም። ዶክተሩ ማንበቡ እየመጣ ነው፣ ይህኛው ግን ሁለቱ ዓይኖች አብረው መሥራት ሲለምዱ ነው፤ ይመጣ ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል፣ መሸፈኑን ቀጥሉ አለን።

ውጭ ስንወጣ እማማ ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ቆም አሉ። "በእኔ ምክንያት ነው?" አሉኝ።

"አይታወቅም፣ እማማ። እናንተ ቀድማችሁ ስትወጡ ዶክተሩን ጠይቄው ነበር፤ እነዚያ ወራት ባይባክኑ ኖሮ ይመጣ ነበር ወይ የሚለውን ማንም ሊያውቅ አይችልም አለኝ።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

አይደለም እማማ፣ በእርስዎ አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "እኔም አላውቅም። አልዋሽዎትም" አልኳቸው።

ወደ ታምራት ዞረው "ልብሴን ከወንድምህ ቤት አምጣልኝ" አሉት። በሚቀጥለው የሴቶች ኅብረት ቆመው ምን እንዳሉ የነገረችኝ ያቺ ገበያ ላይ እጄን የያዘችኝ እኅት ናት፤ "ቸኩዬ ነበር፤ ልጅቷ ገና በመንገድ ላይ ናት፤ ጸልዩላት፤ ቤቴ የምትመጡም ለምን ተሸፈነች ብላችሁ አትዘኑላት" ነው ያሉት። እልልታ አልነበረም አለችኝ። ግን ሁሉም ጸለዩ።

እኔ አሁንም ያው ነኝ። ሻይ ስቀዳ የማንቆርቆሪያውን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር አነካካለሁ። ለሰላምታ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ፤ የሰውዬው እጅ መጥቶ ያገኘኛል። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እይዛለሁ፤ ጨንቻ ስወጣ ቁልቁለቱን የሰው ክንድ ይዤ ነው የምወርደው። አላፍርበትም። ለእናንተ የምላችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አንድ ዓይናቸውን ሸፍናችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ነገር ጠይቋቸው፣ ቀጥሎ ሌላውን ሸፍኑ። ሻይ የምትደፋ ልጅ ካለች ከመቆንጠጣችሁ በፊት ዓይኗን አሳዩ። ሐኪም ሸፍኑ ካላችሁ ደግሞ ሸፍኑ፤ ሲጸለይም ተሸፍኖ ይጸለይ፣ ጌታ በፕላስተር ውስጥም ያያል።

ባለፈው ሳምንት ኤፍራታ ደብተሯ ላይ ተደፍታ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እንባዋ መጣ። ፊደሎቹ ይደራረቡባታል፤ ደክሟታል። "እማ፣ ዛሬ ብቻ" አለችኝ። ልጄ ናት። ዛሬ ብቻ ቢሆንስ ብዬ እጄን ወደ ፕላስተሩ ጠርዝ ሰደድኩ። እማማ ዘነበች ከጓዳ ብቅ ብለው እጄን ቸብ አደረጉት።

"እጅሽን ሰብስቢ" አሉኝ። "ሰዓቷ አልደረሰም።"

ሰበሰብኩ። ኤፍራታ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ እኛ ሁለታችን ግራና ቀኟ ተቀምጠን ሰዓቱ እስኪደርስ ጠበቅን።